የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአማርኛ ደብዳቤ ከቤተ መዛግብት አውጥቶ ማንበብ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከእሮጌው ውጊያ በኋላ ለእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ያስጻፉትን ደብዳቤ የሚያገኝ ሰው ሁሉ ቁጣውንና ሐዘኑን ፍለጋ ወደ መካከሉ ይሮጣል። እኔ ግን አብረውኝ የሚያነቡትን ሁሉ ራስጌው ላይ አስቆማቸዋለሁ። ንጉሡ በቀደሙት ደብዳቤዎቻቸው በሥላሴ ስም ከጀመሩ በኋላ ራሳቸውን የሚጠሩት የእግዚአብሔር ፍጡር፣ የዳዊትና የሰሎሞን ልጅ፣ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ እያሉ ነው። በዚህኛው ግን የሚናገረው በክርስቶስ የታመነው ካሳ ነው፤ ካሳ ከመንገሣቸው በፊት የሚጠሩበት ስም ነው። ዙፋኑ ከስማቸው ላይ ወርዷል። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

ይህን የሚያስተውለው ከዚያ በፊት የተጻፉትን ያነበበ ሰው ብቻ ነው። አንድ ደብዳቤ ለብቻው ተነጥሎ ሲነበብ ሰላምታው ሁሉ ፍቅር፣ ማዕረጉ ሁሉ ትዕቢት ይመስላል። የዚያኑ ጸሐፊ ሌሎች ደብዳቤዎች አጠገቡ ስታስቀምጡ ግን የተለመደው ካልተለመደው ይለያል፣ ልማዱን ያፈረሰው ቃልም በራሱ ብቅ ይላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ መምህርት ነኝ። ለንደን ከመጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበረሰባችንን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ከሥራ ነፃ በምሆንበት ቀን ደግሞ በምዕራብ ለንደን ኪው ወደሚገኘው የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እሄዳለሁ። አባቴ መሪጌታ ስለ ነበሩ ዳዊት የደገምኩት በልጅነቴ ነው። ይህ ረድቶኛል፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሌላቸው ወጣቶች በትዕግሥት ሲለምዱት አይቻለሁና ማንም በዚህ ምክንያት ወደኋላ እንዲል አልፈልግም።

ደብዳቤው የት ነው ያለው?

መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ጻፈው ሰው ሳይሆን ስለ ተቀበለው ሰው ነው። ደብዳቤ የሚቀመጠው በተቀባዩ ቤት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ለንደን ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ለጣሊያን መንግሥት የጻፉት ሮም ነው። አገር ቤት ብቻ እየፈለጋችሁ «ጠፍቷል» አትበሉ።

ቀጥሎ የተቀባዩን አለቃ ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተልኮ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም የሚያገለግለው ኤደን ላይ ነበር፤ ኤደን ደግሞ በዚያን ጊዜ የምትተዳደረው ከቦምቤይ ነው። የናፒየርም ዘመቻ የተነሣው ከቦምቤይ ነው። በዚህ የተነሣ ለራሳም የተጻፉ የአማርኛ ደብዳቤዎች ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዛግብት በተጨማሪ በሕንድ ጽሕፈት ቤት መዛግብት ውስጥም ገብተዋል፤ እነዚህም ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ኪው ውስጥ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኢትዮጵያ ደብዳቤዎች ዋናው ተከታታይ «ኤፍ ኦ 1» ይባላል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ይደርሳል። የሚስዮናውያኑን የሚፈልግ ወደ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ይሂድ። ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የተቀመጠው ክራፕፍ የላካቸው ደብዳቤዎች ያሉበት የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ መዝገብ እዚያ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፤ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ከዚያ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ አስጽፋችሁ ብትይዙ በር ላይ አትመለሱም።

ደግሞም ከቤት ሳትወጡ ብዙ ማንበብ ይቻላል። ስዌድናዊው የታሪክ ምሁር ስቬን ሩበንሰን የኢትዮጵያን የውጭ ደብዳቤዎች ከየአገሩ ሰብስቦ «አክታ ኢትዮፒካ» በሚባሉ ሦስት ቅጾች አሳትሟል። የመጀመሪያው ከ1800 እስከ 1854፣ ሁለተኛው ከ1855 እስከ 1868፣ ሦስተኛው ከ1869 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. ያሉትን ይይዛሉ። የደብዳቤዎቹ ፎቶግራፍ፣ ንባባቸውና የእንግሊዝኛ ትርጉማቸው አብረው ስላሉ ዓይናችሁን በእነሱ ላይ አሠልጥኑ። እኔ ማንንም ቢሆን እነዚህን ሳያገላብጥ ወደ ኪው ይዤ አልሄድም።

በኮምፒውተር ካታሎግ ስትፈልጉ በዘመኑ አጻጻፍ ፈልጉ። «ኢትዮጵያ» ብላችሁ የማታገኙትን «አቢሲኒያ» ብላችሁ ታገኛላችሁ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመንገሣቸው በፊት በእንግሊዞቹ ወረቀት «ልዑል ካሳይ» ናቸው፤ ደጃዝማች ውቤ «ኡቢዬ» ናቸው። ለእያንዳንዱ ስም በላቲን ፊደል ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ዘርዝሩና አንድ በአንድ ሞክሩ።

የንባብ አዳራሹ

ለኪው የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፤ ስማችሁንና አድራሻችሁን የሚያረጋግጡ ሁለት ማስረጃዎች ይዛችሁ ሂዱ። ሰነዱን ከመሄዳችሁ በፊት በድረ ገጹ ላይ እዘዙ። ቦርሳችሁንና ኮታችሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፋላችሁ፤ ምግብ፣ ውሃ፣ እስክሪብቶ አይገባም። እርሳስ፣ ወረቀት፣ ኮምፒውተርና ስልክ ይገባሉ። ያለ ብልጭታ ፎቶግራፍ ማንሣት በነፃ ነው፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነውና ተጠቀሙበት። ለወረቀት ሰነድ ጓንት አያስፈልግም፤ የታጠበና የደረቀ እጅ ይበቃል። ጥራዙን የስፖንጅ መደገፊያው ላይ አስቀምጡ፣ አልገለጥ ያለውን ገጽ በተሰጣችሁ ማሳረፊያ ያዙት እንጂ በመዳፋችሁ አትጫኑት።

ፎቶግራፍ ስታነሡ ከሁሉ በፊት የጥራዙን መለያ ቁጥር የያዘውን ወረቀት አንሡ። ከዚያ ቅጠሉን በሙሉ፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ባዶ ቢሆን እንኳ። ከዚያ ማኅተሙን ለብቻው በቅርበት። ከዚያ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች ከፋፍላችሁ። ማታ ቤት ገብታችሁ ስም ስጧቸው፤ መለያው፣ የቅጠሉ ቁጥር፣ ፊት ወይም ጀርባ። ያለ መለያ ቁጥር የቀረ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ቢያምር ለታሪክ አይጠቅምም፤ ማንም ተከትሎት ሊያመሳክረው አይችልም።

አማርኛው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች መካከል በአባሪነት ተጠርዞ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቅጠሎችም አንሡ። ማን ይዞት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ተረጎመው፣ ለማን እንደ ተመራ የሚነግራችሁ ያ በአሰልቺ የጽሕፈት ቤት እንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት ነው።

ከውጭ ወደ ውስጥ

ወዲያው ማንበብ አትጀምሩ። ወረቀቱን እዩት። የት የት ታጥፏል? ብዙ ጊዜና በትንሹ የታጠፈ ደብዳቤ በመልእክተኛ ጉያ ተደብቆ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና በውስጡ የፋብሪካ ምልክት ይኖር ይሆናል፤ ወደ መስኮት አንሥታችሁ አትዩት፣ ከሥር የሚበራ ሰሌዳ እንዲሰጧችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ።

ማኅተሙን መርምሩ። ነገሥታቱ በፊርማ ሳይሆን በማኅተም ነው ቃላቸውን የሚያጸኑት፤ የሚያርፈውም ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ በላይ ነው። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ማኅተም ላይ መስቀል የያዘው አንበሳ ዙሪያ መስቀል የእስማኤልን ነገድ ድል መንሣቱን የሚናገር ቃል አለ፤ ከግብፅ ጋር የተዋጉ ንጉሥ መሆናቸውን ስታስቡ ያ ማኅተም ራሱ መልእክት መሆኑ ይገባችኋል። የዐፄ ምኒልክ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይላል። በአንዳንዱ ማኅተም ላይ ዐረብኛ ጽሑፍም ታያላችሁ፤ በቀይ ባሕር በኩል ለሚያልፍ ደብዳቤ የሚጠበቅ ነው። ማኅተም የሌለበት ካጋጠማችሁ ወይ ግልባጭ ነው፣ ወይ ጸሐፊው ማኅተም የሌለው ሰው ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳታውቁ አትለፉ።

ከዚያ ጀርባውን ገልብጡ። የተቀባዩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደብዳቤው የደረሰበትን ቀንና የተወሰነበትን ነገር የሚያሰፍሩት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ሦስት ቀን እንድትመዘግቡ እለምናችኋለሁ፤ የተጻፈበትን፣ የደረሰበትንና መልስ የተሰጠበትን። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን የገባው በፌብሩዋሪ 1863 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ስለ ሞቱት ወዳጆቻቸው፣ ስለ እንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና «ሊቀ መኳስ ዮሐንስ» ስለሚሏቸው ጆን ቤል አንሥተዋል፤ መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መንገድም ጠይቀዋል። መልስ አልተሰጠውም። በጃንዩዋሪ 1864 ፕላውደንን የተካው ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። የንግሥቲቱ ደብዳቤ ቀን ሜይ 26 1864 ነው፤ ራሳም ለንጉሡ ያደረሰው ግን በጃንዩዋሪ 1866 ነው። እነዚህን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ስትጽፏቸው ዝምታው ስንት ወር እንደ ፈጀ ዓይናችሁ ያየዋል። ስለ መቅደላ የሚነገረውን ሁሉ ከማንበቤ በፊት ይህን ሰንጠረዥ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ቀድሞ ይገባኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዘመኑን ማወቅ

ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ ደብዳቤን ከቦታው የሚያናጋው የቀን ስሕተት ነውና።

ብዙ ደብዳቤዎች ወሩንና ቀኑን ጽፈው ዓመቱን በወንጌላዊው ብቻ ይጠሩታል፤ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ። የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ዓመተ ዓለም ከተጻፈ ደግሞ 5500 ቀንሱለት፤ 7355 ማለት 1855 ዓ.ም. ነው።

ወንጌላዊው ብቻውን ዓመቱን አይነግራችሁም፤ በየ4 ዓመቱ ይመለሳል። ከሰዎቹ ዕድሜና ሥልጣን ጋር አጣምሩት። እንዲህ እናድርግ። ዓመት የሌለው የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ በዘመነ ሉቃስ በጥቅምት ወር ተጽፎ ቆንስሉን ካሜሮንን እንደ እንግዳቸው ይጠራል እንበል። ንጉሡ የነገሡት በየካቲት 1847 ነው፤ እስከ ሚያዝያ 1860 ነበሩ። በዚህ መካከል ጥቅምት በዘመነ ሉቃስ የዋለው በ1851፣ በ1855 እና በ1859 ነው። በ1851 ቆንስሉ ገና ፕላውደን ነበር። በ1859 ካሜሮን በእስር ላይ ነው። የቀረው 1855 ብቻ ነው። ይህን ስሌት በጥራዙ ላይ ሌላ ሰው በእርሳስ የጻፈውን ዓመት ሳታምኑ ራሳችሁ ሥሩት።

ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትመልሱ ደግሞ አንድ ቀን ተጠንቀቁ። ዛሬ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሴፕቴምበር 10 ነበር። ተከታዩ የአውሮፓ ዓመት ሠግር (ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚሆንበት) ሲሆን ዛሬ 12፣ ያኔ 11 ይሆናል። የዓድዋን ድል አስቡ፤ የካቲት 23 ቀንን ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው፣ ውጊያው የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በጣታቸው የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ስለማያስቡ የዘመኑን ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ያዘገዩአቸዋል፤ መልእክተኛ በሚጋልብበት ሰሞን አንድ ቀን ብዙ ነው።

የግእዝ ቁጥር ላይ ፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ። ቀለሙ ሲደበዝዝ ደግሞ የባሰ ነው። ስትጠራጠሩ የዚያኑ ጸሐፊ ሌላ ቁጥር ፈልጋችሁ አስተያዩ።

ፊደሉንና ቃሉን መገልበጥ

ትርጉሙን አትክፈቱ። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው እንግሊዝኛ በጥድፊያ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ራሳም ራሱ የሞሱል ተወላጅ ሆኖ አማርኛ ሳያውቅ ነው የመጣው፤ የንጉሡን ቃል የሚሰማው በአስተርጓሚ አፍ ነበር። እኛ ያለ አስተርጓሚ ልንሰማቸው የምንችል ሰዎች ነን። ይህን ዕድል ለምን በገዛ እጃችን እንተወዋለን? እንግሊዝኛውን መጨረሻ ላይ አምጡና አስተያዩት፤ ያኔ ተርጓሚው የዘለለውንና ያለሰለሰውን ታገኛላችሁ።

ስትገለብጡ መስመሩን እንደ መስመሩ ጻፉ፣ በየመስመሩ ቁጥር ስጡ። ሁለት ነጥቡን አትጣሉ፤ ጸሐፊው የረሳበትን ቦታም አታሟሉለት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ ሁሉንም እንዳሉ አስቀምጡ። ጸሐፊው «ብየ» ካለ «ብዬ» ብላችሁ አታርሙት። አጻጻፉ የጸሐፊው አሻራ ነው፤ ሁለት ደብዳቤዎች ከአንድ እጅ መውጣታቸውን ለማወቅ ከፊደል አጣጣሉ ጋር የሚረዳችሁ እሱ ነው። ነገሥታቱ ራሳቸው እየተናገሩ የሚጽፉት ሌሎች እንደ ነበሩ አትርሱ፤ የንጉሡን ቃልና የጸሐፊውን እጅ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ያልተነበበላችሁን ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በጥያቄ ምልክት ተዉት። ገምታችሁ የሞላችሁትንም በቅንፍ አሳዩ። የምታስቸግረው ብዙ ጊዜ ከፊደሉ ራስ ላይ ያለችው ሰረዝ ናት፤ ስትጠፋ ሸ ሰን፣ ኘ ነን፣ ጨ ጠን ይመስላል። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ቤት ገብታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ደብዳቤው በቃል ተነግሮ የተጻፈ ስለ ሆነ ዓይን የተሰናከለበትን ጆሮ ያቃናዋል። እኔ ያልተፈታልኝን ቃል ይዤ ቤተ ክርስቲያን ወደማገኛቸው አንድ የጎንደር አባት እሄዳለሁ፤ «እስቲ እንደገና በይልኝ ልጄ» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ብዙ ጊዜም ወዲያው ያወጡታል። እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች በየከተማችሁ አሉ፤ ሳይመሽ ጠይቋቸው።

መዝገበ ቃላት ስትመርጡ ለዘመኑ የቀረበውን ጨምሩ። የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1841 እ.ኤ.አ.፣ የአንቷን ዳባዲ ደግሞ በ1881 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ሁለቱም ደብዳቤዎቹ በሚጻፉበት ዘመን የነበረውን አማርኛ የሰሙ ናቸውና ዛሬ የተረሳውን ቃል እዚያ ታገኙታላችሁ።

ሰላምታውን አትዝለሉ

«ይድረስ ከ» ከሚለው አንሥታችሁ እስከ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ድረስ ያለውን ብዙ ሰው እንደ ገለባ ያየዋል። እኔ ግን ከብዙ ደብዳቤዎች ሰላምታውን ብቻ ገልብጬ በአንድ ደብተር አስቀምጣለሁ። ማን ማንን «ወዳጄ» አለው? ማን «ልጄ» አለ? «እርስዎ» የነበረው መቼ «አንተ» ሆነ? ስለ ራሱ ጤና ብቻ ተናገረ ወይስ ስለ ሠራዊቱም? ዐፄ ቴዎድሮስ ለራሳም ያስጻፏቸው ደብዳቤዎች ለዚህ ሥራ ይመቻሉ፤ ብዙ ናቸው፣ የሚጠይቁትም ጤና አለ፣ በመካከላቸው ግን እንግድነቱ እስር ሆኗል። ቃሉ ሳይለወጥ ነገሩ የተለወጠበትን ቦታና ቃሉም አብሮ የተለወጠበትን ቦታ ለዩ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ይዞ ስለ ንጉሡ ልብ የሚፈርድ ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ፤ ሌሎቹ እዚያው ጥራዝ ውስጥ፣ ጥቂት ቅጠል አልፎ፣ ተቀምጠው ሳለ ነው የሚፈርደው።

ከነገሥታቱ ደብዳቤ ይልቅ ወደ ልቤ የሚቀርበው ግን የወይዘሮ ላቂያዬ ነው። የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት ናቸው። ከመቅደላ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጅ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ እናቱ ገና በመንገድ ሳሉ ሞቱ፤ አያቱ አገር ቤት ቀርተው ለልጅ ልጃቸው ደብዳቤ ይልኩ ነበር። እሱ በኖቬምበር 1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሊድዝ ውስጥ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ።

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ስታነቡ ከላይ ያልኳችሁን ሁሉ አንድም ሳታስቀሩ አድርጉት፤ ስሜት ሲበዛ እጅ ይቸኩላልና። ማን ጻፈላቸው? በማን እጅ ተላከ? ትርጉም ተያይዞበታል? ከሆነ ትርጉሙ የተሠራው ለልጁ ነው ወይስ ለሚያሳድጉት ሹማምንት? መልስ ስለ መኖሩ በዙሪያው ያሉት ወረቀቶች ምን ይላሉ? እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ሳልመልስ ስለ አያትየው ሐዘን ለማንም አልናገርም። ቅዳሜ የማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ በዓለማየሁ ዕድሜ ናቸው፤ አያቶቻቸው አገር ቤት ናቸው፤ በስልክ ሲያወሩ አማርኛው ያጥራቸዋል። ለእነሱ የማሳየው ሰላምታውን ነው። መስመር በመስመር፣ ፊደሉን እየቆጠሩ፣ ራሳቸው እንዲገለብጡት አደርጋለሁ። ከመካከላቸው አንዷ ገልብጣ ስትጨርስ ለአያቷ በዚያው አጀማመር ደብዳቤ ጻፈች፤ «ይድረስ ከ» ብላ።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ግልባጩን ለሌላ ሰው ስጡና ከፎቶግራፉ ጋር ያመሳክርላችሁ፤ እናንተ የገመታችሁትን ፊደል ዓይናችሁ ደጋግሞ እውነት ያስመስለዋል። ከላይ የቤተ መዛግብቱን ስም፣ ተከታታዩን፣ የጥራዙን ቁጥር፣ ቅጠሉን ከፊትና ጀርባው ጋር፣ የገለበጣችሁበትንም ቀን ጻፉ። ፎቶግራፉን ለማሳተም የቤተ መዛግብቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአማርኛ ግልባጫችሁን ግን ለብቻችሁ አትያዙት። አንዱን ቅጂ ስድስት ኪሎ ለሚገኘው ተቋም፣ ሌላውን ለወመዘክር ላኩ፤ ለንደን ወይም ሮም ድረስ መሄድ የማይችል ተማሪ በመለያ ቁጥሩ እንዲያገኘውና የተሳሳታችሁትን እንዲያርምበት።